ለቤት የተላኩ ሽማግሌዎች

አዳማ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለበኩር ልጄ ለፋዲላ አብዱልሃኪም፣
አዲስ አበባ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ውድ ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ አንቺም፣ ባለቤትሽ ዛኪርም፣ ኡበይደላና ሕፃኗም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ አላህን እለምናለሁ። እኔና እናትሽ ደህና ነን። እናትሽ የጉልበቷ ሕመም ስለ ተሻላት ቁጣዋ ተመልሷል፤ ከዚህ የበለጠ የጤና ማስረጃ አላውቅም።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንደምጽፍ ትጠይቂ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በስልክ ስንነጋገር እኔ እቆጣለሁ፤ አንቺ ትዘጊያለሽ። ደብዳቤ ግን መሐል ላይ አይዘጋም። ከዚህም ሌላ፣ ባለፈው ሳምንት የላክሽልኝን አጭር መልእክት ሦስት ጊዜ አንብቤ በአራተኛው ነው የገባኝ። አማርኛን በላቲን ፊደል፣ ያለ አንዲት አራት ነጥብ መጻፍ ማን እንደ ፈቀደልሽ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው ልጅ መሆንሽን አትርሺ። ነገሩን በዚሁ ልተወው፤ የያዝሁት የምሥራች ነውና በተግሣጽ ላበላሸው አልፈልግም።

የምሥራቹም ይህ ነው፦ ቤት ተገኝቷል። አገኛኘቱ ግን ከቤቱ ይበልጥ የሚያስገርም ስለ ሆነ፣ ከመጀመሪያው በሥርዓቱ ልንገርሽ።

አከራያችሁ ቤቱን ለልጁ ስለሚፈልገው እስከ የካቲት መጨረሻ እንድትለቁ ማዘዙን የነገርሽኝ ዕለት፣ «እዚሁ እኔ ቤት ትገባላችሁ፤ ሁለት ክፍል ባዶውን ተቀምጧል» ብዬሽ ነበር። አንቺም «አባዬ፣ ዛኪር አማቱ ቤት ተጠግቶ አይኖርም፤ ሰውስ ምን ይለዋል?» አልሽ። እኔም «ሰው ኪራይ ይከፍልለታልን?» አልሁ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን ሁለታችንም ስለምናውቀው ወረቀት አላባክንበትም። በመጨረሻ «እንግዲያውስ አባዬ ራስዎ ይምረጡልን! ኪራዩ ከአምስት ሺህ ብር ያልበለጠ፣ ለዛኪር ሥራ ያለበት፣ ለልጆቹ ውሃና ትምህርት ቤት የቀረበ ከተማ ካገኙ ነገውኑ ጓዛችንን እንጭናለን» ብለሽ ዘጋሽው። ለማፌዝ እንደ ተናገርሽው ይገባኛል። እኔ ግን እንደ ትእዛዝ ተቀበልሁት።

በመጀመሪያ አዳማን አሰስሁ። ለሁለት ክፍል የሚጠሩት ዋጋ የአዲስ አበባ ታናሽ ወንድም ሆኗል። ከዚያም የባለቤትሽን የዲናሞ ጥምጠማ ሥራ በቅጡ ሳላውቅ ለሥራው የሚስማማ ከተማ መምረጥ ከንቱ ድካም መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለ አንድ የዲናሞ ጠምጣሚ ሱቅ ደጃፍ ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጥሁ። የተቃጠለ ሞተር እንዴት እንደሚፈታ፣ የመዳብ ሽቦው በምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚቆጠርና እንደሚጠመጠም፣ ኩሽኔታው ከየት እንደሚገዛ ጠይቄ በማስታወሻዬ ጻፍሁ። ሰውየው ከገቢዎች የተላክሁ መስሎት ላቡ ሲንቆረቆር ዋለ።

ቀጥሎ ሻሸመኔ ሄድሁ። መንገድ ሁሉ የሚገናኝበት ከተማ ነውና ሥራ አይጠፋም ብዬ ነበር። አንድ ወጣት ደላላ ተቀብሎኝ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲያዞረኝ ዋለ።

«ፋዘር፣ ቤቱ ፏ ያለ ነው! ይኸው በረንዳ፤ ይኸው ሽንት ቤት፤ ዋይፋይ ሁሉ ይገባል!»

«ውሃውስ?»

«ውሃው ለዚህ ግቢ በፈረቃ ነው። ግን ፋዘር፣ ጀሪካን የማያልቅብዎት ሰው ይመስላሉ።»

«የግቢው ባለቤት ማን ይባላል?»

«እሱን ተዉት ፋዘር፤ ዛሬ ካልያዙት ነገ የለም። ሰው ሊበላው ነው!»

ቤት እንዴት እንደሚበላ ብጠይቀው ሌላ ግቢ ሊያሳየኝ መንገድ ጀመረ። የከተማው ገበያ በእውነት ያስደንቃል፤ ነገር ግን በአንድ መንገድ ላይ ብቻ ዘጠኝ ሞተር ጠምጣሚዎች ቆጠርሁ። አሥረኛ ሆኖ ለሚገባ እንግዳ ሰው፣ ያውም ሁለት ልጆች ይዞ፣ የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል።

አቦምሳም ደርሻለሁ። ኪራዩ ካልሽው ልክ ግማሽ ነው፤ ሰዉም ደግ ነው። አንድ ባለ ሱቅ ደክሞኝ ቢያየኝ ወንበር አውጥቶ አስቀመጠኝና ፓፓያ ቆርሶ አቀረበልኝ። እንዲህ ባለ አገር ልጅ ማሳደግ ያስመኛል። ይሁን እንጂ ዛኪር ሽቦና ኩሽኔታ ባለቀበት ቁጥር አዳማ መመላለስ ይኖርበታል፤ በኪራይ ያተረፈውን መንገድ ይበላዋል። ይህን ሁሉ በየገጹ ጽፌ ስመለስ እናትሽ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ለልጅህ ቤት ነው የምትፈልግላት ወይስ ለከተሞቹ የማዕረግ ፈተና ነው የምትሰጣቸው?» አለችኝ።

«ሁሉም ወደቁ» አልኋት።

«እንግዲያው ፈታኙ ይታይልን።»

ጎረቤታችንን አቶ ደገፋን ታስታውሻቸዋለሽ፤ በግብርና ባለሙያነት ሠርተው ጡረታ የወጡት፣ በአጥራችን ላይ ተደግፈው የሰው ጨዋታ የሚያዳምጡት። ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «እኔ ደራ ተወልጄ፣ ደራ አድጌ፣ እዚህ አፍንጫህ ሥር ቆሜ፣ ስለ ደራ አንድ ቀን እንኳ አትጠይቀኝም?» አሉኝ። የነገሩኝም ይህን ነው፦ በደራ ዙሪያ ከቀለጣ ወንዝ ውሃ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ሞልተዋል። ፓምፕ ሲቃጠልባቸው ተሸክመው አዳማ ያመጡታል፤ ተራ እስኪደርሳቸውም ሽንኩርቱ ይጠወልጋል። እዚያው ተቀምጦ የሚጠግን ሰው የላቸውም። ደግሞም ወይዘሮ ፈውዚያ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት፣ ለብቻው በር ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንዳላቸው፣ ነገር ግን ሰው ስለሚመርጡ አራት ተከራይ እንደ መለሱ ነገሩኝ። ሰው የሚመርጥ አከራይ መልካም ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እንግዲህ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። ውል ያለ ምስክር አይጸናም በሚለው የፍርድ ቤት ልማዴ፣ ለብቻዬ ከመሄድ ይልቅ ደገፋንና ጡረተኛውን ሾፌር ወዳጄን ሽኩርን ይዤ ልሂድ አልሁ። ትናንት፣ እሑድ ጧት፣ እኔ ግራጫ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ከረባቴን አሰርሁ፤ ደገፋ ነጭ ኩታ ደረቡ፤ ሽኩር ኮፊያውን ደፍቶ ምርኩዙን ያዘ። ገና በማለዳው ከወይዘሮ ፈውዚያ በራፍ ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ልጅ ያለችበት ቤት ደጃፍ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች በእሑድ ጧት ተሰልፈው ሲቆሙ በዚህ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ስድሳ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው ሊያውቅ ይገባው ነበር። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ውሃው ላይ ነበር። ከአጥር ወዲያ አንዲት ጎረቤት «እሰይ! ፈውዚያ፣ ቀንቶሻል!» ብላ ስትጮህ እንኳ እንደ ተራ ሰላምታ ቆጠርሁት።

ወይዘሮ ፈውዚያ በሩን ከፈት አድርገው አዩን፤ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ወደ ግቢው አስገቡንና ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር አቁመውን ወደ ቤት ሮጡ። ቤቱ ውስጥ ሳሕን ሲንኳኳ፣ ሰው ሲንሾካሾክ፣ ቁም ሣጥን ሲከፈት ይሰማ ነበር። ጥቂት ቆይተው ወንድማቸው አቶ መሐመድዘይን፣ የሽንኩርት ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆኑት፣ ሁለት ዘመዶቻቸውን አስከትለው ገቡ። ከደገፋ ጋር በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ»፣ «ነጋያ» ተባብለው ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናሙ፣ ስለ አገሩ ሰላም ተጠያየቁ። ከዚያም ሦስቱ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ በተርታ ተቀመጡ። እኛን «ተቀመጡ» ያለን የለም። ደገፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አብዱልሃኪም፣ አቀማመጣቸው አላማረኝም።»

«ምን ሆነ?»

«የልጅት ዘመዶች እንዲህ ነው የሚቀመጡት።»

«የየትኛዋ ልጅት?»

በዚህ መሐል አቶ መሐመድዘይን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባቶች፣ አክብራችሁን መጥታችኋል፤ አላህ ያክብራችሁ። ይሁን እንጂ ልጃችን ሰብሪና ኮሌጅ ልትጨርስ ጥቂት ነው የቀራት። ቤተሰብ ተመካክሮ፣ ረመዳን አልፎ፣ ከዒድ በኋላ መልሱን እንሰጣለን።»

ልጄ፣ እኔ የሰማሁት «ከዒድ በኋላ» የሚለውን ብቻ ነው። የቀረን ጊዜ ሦስት ሳምንት ብቻ ነውና ደሜ ፈላ።

«ከዒድ በኋላማ አይሆንም! ሰውየው በዚህ ወር መግባት አለበት።»

«ምን ዓይነት ጥድፊያ ነው፣ አባቴ?»

«ሁለት ልጆች ይዞ ሜዳ ላይ ይደር?»

«ሁለት ልጆች አሉት?!»

«አዎን፤ ታናሺቱ ገና ጡት አልጣለችም።»

«እናታቸውስ የት ሄደች?»

«የትም አልሄደችም፤ አብራው ትገባለች። ልጄ ናት!»

ከዘመዶቹ አንዱ ብድግ አለ። ወይዘሮ ፈውዚያ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ሽኩር ነገሩ ስለ ገባው ምርኩዙን ጥሎ፣ «ኧረ በአላህ! የመጣነው ለቤቱ ነው! ለሚከራየው ቤት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ከመስኮቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ «አልሐምዱሊላህ!» አለች፤ ሰብሪና መሆኗ ነው። በመጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ፈውዚያ ናቸው፤ ቀጥሎ ግቢው በሙሉ ሳቀ። እኔም ከረባቴን እያስተካከልሁ ሳቅሁ።

አቶ መሐመድዘይን ዓይናቸውን ጠርገው፣ «ከአባታችን ዘመን ጀምሮ ከዚህ ግቢ ሽማግሌ ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም። ልጅቷን አልፈለጋችሁም፤ ቤቱን ደግሞ ብንከለክላችሁ ነውር ነው» አሉ።

«ቆይ፣ ወንድሜ» አሉ ወይዘሮ ፈውዚያ። «ቤቱ የእኔ ነው። ልጄን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም፤ ቤቴንም አልሰጥም። ሽማግሌ ሆነው ከመጡ እንደ ደንቡ ይጠየቁ። ሰውየው ማን ነው? ምን ይሠራል? ጠባዩስ እንዴት ነው?»

ደገፋ አፋቸውን ከፈቱ፤ እጄን አንሥቼ አስቆምኋቸው። መመለስ የሚገባኝ እኔ ነበርሁ።

ፋዲላ፣ አንቺ ሳታውቂው የኖርሽ አንድ ነገር አለ፤ ወይም ታውቂ ይሆናል፤ ዝምታሽ የእናትሽን ዝምታ ይመስላል። የዛሬ ሰባት ዓመት የዛኪር ሽማግሌዎች በእኔ ደጃፍ ሦስት ጊዜ ቆመዋል። በሦስተኛው ጊዜ «ልጁ ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁ። «የተቃጠለ ዲናሞ ይጠመጥማል» አሉኝ። እኔም «የእኔ ልጅ አልተቃጠለችም፤ ጠምጣሚ አያስፈልጋትም» ብዬ መለስሁ። ብልህ መልስ የመለስሁ መስሎኝ ነበር። ከሰዎቹ አንድም የሳቀ አልነበረም። እናትሽ ሦስት ቀን ሙሉ ሳታናግረኝ ቀርታ በአራተኛው ቀን ፈቀድሁ፤ ቃሌ ግን ከፈቃዴ ቀድሞ ዛኪር ዘንድ ደርሷል። ከሠርጋችሁ ወዲህ በራፌ ድረስ እያደረሰሽ የሚመለሰው ለምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። «ሰው ምን ይለዋል» ያልሽው ሰው ማን እንደ ሆነም አውቃለሁ።

ትናንት፣ በዚያ ኒም ሥር፣ እንደ እነዚያ ሽማግሌዎች ቆሜ፣ እንደ እነርሱ ተጠየቅሁ። እንዲህም አልሁ፦

«ስሙ ዛኪር ነው። ዲናሞ ይጠመጥማል፤ ፓምፕ ይጠግናል። የጠገነው ሞተር ቢበላሽ ሁለተኛ ጊዜ ዋጋ አይጠይቅም። ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ በሕመም ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ ቀን ሥራውን እየሠራ፣ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ አሥራ አንድ ቀን አድሯል። በሰባት ዓመት ውስጥ ልጄ አንድ ቀን እንኳ ስሞታ ይዛ ወደ እኔ አልመጣችም። እውነቱን ልናገርና ስሞታዋን ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ አልመጣችም።»

አቶ መሐመድዘይን አዳመጡኝና፣ «ለእርስዎ ምንዎ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ ነው» አልሁ።

አማች የሚለውን ቃል ከነአገባቡ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አልመጣልኝም።

ወይዘሮ ፈውዚያም «ምነው ቆማችሁ ቀራችሁ? ተቀመጡ እንጂ» አሉ። ሽማግሌ «ተቀመጥ» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ላንቺ አልተረጉምም። ያቺ ጎረቤት ከአጥር ወዲያ እልልታዋን አቀለጠችው። ለኪራይ ቤት እልል ሲባል ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው፤ ልከለክላት ግን አልደፈርሁም።

ቤቱ ይህን ይመስላል። ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ለኡበይደላ አልጋና ለመጻሕፍቱ ይበቃል። ቧንቧው ግቢው ውስጥ ነው፤ እኔ ራሴ ከፍቼ ውሃው እስኪቀዘቅዘኝ ድረስ እጄን ይዤበታለሁ። ትምህርት ቤቱ ስምንት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ በእኔ ጉልበት ስምንት ከሆነ በኡበይደላ አምስት ነው። በመንገዱ በኩል የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጥግ አለ፤ ለዛኪር መሥሪያ ይሆናል። ኪራዩ አራት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው፤ ከጠየቅሽው በታች ስለ ሆነ ማፌዝሽን ይቅር ብዬሻለሁ። ውሉን እዚያው በእጄ ጻፍሁት፤ አንድ ስርዝ ድልዝ የለበትም። ደገፋና ሽኩር ምስክር ሆነው ፈርመዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኪራይ መጨመር አይቻልም የሚለውን አንቀጽ ወይዘሮ ፈውዚያ ሁለት ጊዜ አስነብበውኝ፣ «እርስዎስ በደህናው ጊዜ ዳኛ ነበሩ?» ብለው ፈረሙ።

ደራ ከአዳማ በሚኒባስ አጭር መንገድ መሆኗ በምርጫዬ ላይ ምንም ተጽዕኖ አላሳደረም። የመጀመሪያው ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣና ዓርብ ከሰላት በኋላ መኪና ይገኝ እንደ ሆነ የጠየቅሁት ለጠቅላላ ዕውቀት ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ልንሰናበት ስንል አቶ መሐመድዘይን ወደ ጓሮ ሄደው በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡ፤ የተቃጠለ የፓምፕ ዲናሞ ነው። «ልጅዎ ይህን ካስነሣልን የማኅበሩ ፓምፕ ሁሉ የእርሱ ነው። ሽንኩርቱ ብዙ አይጠብቅም» አሉኝ። «ልጅዎ» አሉኝ፤ አላረምኋቸውም። ሽኩር ወገቡን ያመዋል፤ ደገፋ ኩታቸው ነጭ ነው። ስለዚህ እኔ ግራጫ ሙሉ ልብሴን እንደ ለበስሁ ተሸክሜው ሚኒባስ ውስጥ በእግሮቼ መካከል አስቀመጥሁት። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «ፋዘር፣ ይሄኛው ሰውዬስ አይከፍልም?» አለኝ። ከፈልሁለት። ሱሪዬ በግራሶ ተበላሽቷል፤ እናትሽ ከትናንት ጀምሮ ስለዚሁ ነው የምትናገረው።

ዲናሞው አሁን ይህን በምጽፍበት ሰዓት ከሳሎኑ ምንጣፍ ላይ፣ ጋዜጣ ተነጥፎለት ተቀምጧል። አዳማ ላሉት ጠምጣሚዎች እንድሰጠው እናትሽ መክራኛለች፤ እምቢ ብያለሁ። ባለሙያው ራሱ መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከዚሁ ምንጣፍ ላይ በእጁ እንዲያነሣው እፈልጋለሁ። ሐሙስ ይምጣ፤ ምሳ ይጠብቀዋል። እኔም እጠብቀዋለሁ። በራፍ ላይ የሚደረግ ርክክብ ግን አልቀበልም፤ ይህን እንደ ጻፍሁት አድርገሽ፣ አንድ ቃል ሳታጎድዪ አንብቢለት።

አላህ የምትገቡበትን ቤት የሰላም፣ የምትቆርሱትን እንጀራ የሐላል ያድርግላችሁ። ልጆቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ፤ ረመዳንን በአዲሱ ደጃችሁ በጤና ያስገባችሁ። እናትሽ ወይዘሮ እልፍነሽ «ትራሶቹን እዚያው ትተዪ እንዳትመጪ» ብላለች።

አባታችሁ፣
አብዱልሃኪም

(የሁለታችሁም።)